የጠፋችው ድንጋይና የሕማድ ሰዓት

ሕማድ የጻፈልኝን ደብዳቤ ያገኘሁት ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እሱ ተራራችንን ለቅቆ ሊሄድ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ደብዳቤው ጠፍቶ አልነበረም። በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ፣ ከወንበሬ ጀርባ፣ እጄን ብዘረጋ በምደርስበት መዝገብ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። እጄን ግን አልዘረጋሁም።

መዝገቡን የከፈትኩትም ስለ ሕማድ ብዬ አልነበረም። ከጃፓን ሰሜናዊ ደሴት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ኢሜይል ጽፈውልኝ ነው። በጓሯቸው በተከሉት ቴሌስኮፕ፣ በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት እልፍ አስትሮይዶች አንዷን አይተዋል። የብርሃኗ ቀለም ድንጋያማ መሆኗን ይናገራል፤ ስፋቷ አራት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዷን ወደ ኋላ ሲያሰሉት፣ ከአራት ዓመት በፊት እኛ አይተናት ከጠፋችብን ድንጋይ ጋር ልትገጥም ትንሽ ይቀራታል፤ ግን አትገጥምም። «የእናንተ ሰዓት ላይ መዛነፍ ይኖር ይሆን?» ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። ትሕትናቸው አናደደኝ። የመዛነፉን ምክንያትና የጥፋተኛውን ስም ድሮ ጽፌ ፈርሜበት ነበርና።

ዝሁር እባላለሁ፤ የፌስ ከተማ ልጅ ነኝ። በአገራችን ለአክብሮት ሴትን «ላላ»፣ ወንድን «ሲ» ይላሉ። ዘጠኝ ዓመት ፈረንሳይ አገር ተምሬ ተመለስኩና፣ ከማራካሽ በላይ በአትላስ ተራራ ላይ ባለ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የአስትሮይድ ክፍሉን እመራለሁ። ከተመለስኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ጧት ስነቃ የመጣሁት ወደ ቤቴ ይሁን ወደ ሰው ቤት የማይለይልኝ ቀን አለ። ሕማድ ከጣቢያው በታች ያለችው የታዙርት መንደር ሰው ነው። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሳለ የቴሌስኮፑን ዕቃ በበቅሎ ጭነው ካወጡት ወጣቶች አንዱ ነበር፤ ከዚያ እዚያው ቀረ። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዓይኑን የሚያህል ግን ፈረንሳይም አላየሁ። የአንድ ሰማይ ሁለት ፎቶዎችን ስክሪን ላይ እያፈራረቅን ስናይ፣ ከሺህ የቆሙ ነጥቦች መካከል ፈቀቅ የምትል አንዲት ብትኖር፣ እኔ መነጽሬን ስወለውል እሱ ጣቱን ቀስሮ «እቻት፣ ሄደች» ይላል፤ ፍየል እንዳመለጠችው ሰው። የጠፋችውን ድንጋይ ያገኛትም እሱ ነው።

በመጀመሪያው ክረምቴ በረዶ መንገዱን ዘግቶ አስራ አንድ ቀን ጣቢያው ውስጥ ቀርተን ነበር፤ እኔ፣ ሕማድና ምግብ የምትሠራልን እህቱ ኢጃ። እሱና እኔ ስክሪኑ ፊት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። በቀጥታ መተያየት ያሳፍረናል። አንዱ ፎቶ ተነስቶ ሌላው እስኪመጣ ግን ስክሪኑ አርባ ሰከንድ ይጨልማል፤ በዚያ ጥቁር መስታወት ውስጥ የሱ ዓይንና የኔ ዓይን ይገናኛል። ምንም አልተባባልንም። በአስራ አንደኛው ቀን የበረዶ ጠራጊው መኪና ድምፅ ከታች ሲሰማ ሕማድ «መጡልሽ» አለኝ። ደስ አላለውም። እኔንም ደስ አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሱ «አንቺ» ነበርኩ።

ታዲያ በግንቦት መብረቅ የካሜራውን ኮምፒውተር ሰዓት አበላሸብን። ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት ሕማድ ከእጅ ሰዓቱ እያየ በመዝገብ ይጽፍ ጀመር። ወሩ ረመዳን ነበር። ድንጋይዋን በረመዳን ሁለት ሌሊት፣ ረመዳን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሁለት ሌሊት አየናት። መንገዷን አሰላሁ፤ ለዓለም አቀፉ መዝገብ ላክሁ። በዓመቱ ትገኛለች ወዳልኩት ቦታ ቴሌስኮፑን ባዞር ባዶ ሰማይ ሆነ። የኔ ስሌት ነው፣ የኔ ዲግሪ ነው፤ እንዴት ይሆናል? ጣቢያው ውስጥ፣ ሕማድ በጾም ደክሞት ያን ሰሞን ተኝቶ ያድር ነበር የሚል ወሬ ነበር። ሪፖርት ጻፍኩ፦ «የሰዓት ምዝገባው አስተማማኝ አይደለም፤ ተመልካቹ እንቅልፍ ወስዶት ሰዓቱን ከኋላ በግምት ሳይሞላው አልቀረም።» ፈረምኩ። ሕማድን ከቴሌስኮፑ አንስተው በረዶ መጥረግና ጄኔሬተር መጠበቅ ላይ አደረጉት። በሳምንቱ «እርስዎ» አለኝ። ጥፋቱ አፍሮት ነው አልኩ። ሦስት ዓመት እርስዎ እንደተባልኩ ቀረሁ።

የዚያን እሑድ ጧት፣ ለጃፓኑ መምህር አሳማኝ መልስ ልሰጥ መዝገቡን ሳወርድ፣ ከኋላ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ ወረቀቱ ወደቀ። የተማሪ ቤት የመሰለ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ ጽሕፈት ነው።

«ለላላ ዝሁር። ዳይሬክተሩ ሲ መኪ ገና ያልተፈረመውን ሪፖርት አነበቡልኝ። ተኝቶ ነበር ይላል። አልተኛሁም። ሰዓቴን በየምሽቱ በሬዲዮው ደወል አስተካክያለሁ። አራቱንም ሌሊት የጻፍኩት በአሮጌው ሰዓት ነው፤ በረመዳንም ከረመዳን በኋላም። እኔ ሌላ ሰዓት የለኝም። ምናልባት ከሁለቱ ሌሊቶች አንድ ሰዓት ቀንሰሽ ይሆናል። ከቀነስሽ መልሺው፤ ድንጋይዋ ትገኛለች። ስምሽ እንዳይነሳ ለማንም አልተናገርኩም። መዝገቡን ሳታዪ እንደማትፈርሚ ስለማውቅ እዚህ ውስጥ አስቀመጥኩት። ካነበብሽው ነገ የሻይ ብርጭቆሽን በመስኮቱ ደፍ ላይ ተይው። ብርጭቆው ከሌለም ይገባኛል። ሕማድ።»

በአገራችን ሰዓት ሁለት ነው። መንግሥት ዓመቱን ሙሉ ሰዓቱን በአንድ ያስቀድማል፤ ረመዳን ሲገባ ጾመኛው ቶሎ እንዲያፈጥር ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ረመዳን ሲያልቅ ደግሞ ያስቀድመዋል። ከተሜው አብሮ ይዞራል። የተራራው ሰው ግን አሮጌው ሰዓት ከሚለው ንቅንቅ አይልም፤ ጸሐዩ አልተቀየረ፣ በጉ አልተቀየረ ይላል። የዓለም የሰማይ ተመልካቾች ሁሉ የሚሠሩበት ሰዓትም ያው አሮጌው ነው። ይህን አውቃለሁ። ሰው የቤቱን ደፍ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ከረመዳን በኋላ ያሉት ሌሊቶች በመንግሥት ሰዓት ተጽፈዋል ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ለማስተካከል አንድ ሰዓት ቀነስኩላቸው። ትክክል የነበረውን አስተካከልኩት።

የቀነስኩትን መለስኩ። ስሌቱ አራት ደቂቃ ፈጀ። የጃፓኑ መምህር ድንጋይና የኛ ድንጋይ አንድ ሆኑ። ሦስት ዓመት የፈለግኋት ነገር ስክሪኔ ላይ ቆማ እያየኋት፣ ደስታ የሚባል ነገር ሊመጣልኝ እንቢ አለ።

*

ኢጃ ኩሽና ውስጥ ገብስ ትለቅም ነበር። ሕማድ የት እንዳለ ጠየቅኳት።

«የት ይሆናል? ታች ዋልነት እያራገፈ ነው። ሐሙስ ይሄዳል።»

ወዴት እንደሚሄድ ተራራው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልጠየቅኩ። ከተራራው ማዶ፣ ዋርዛዛት ከተማ አጠገብ፣ በመስታወት ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሥፍራ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል። የሰማይ መስታወት ትቶ የምድር መስታወት ሊጠብቅ ነው አለች ኢጃ፤ ግን አልሳቀችም።

ደብዳቤውን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ጽሕፈቱን ግን አወቀችው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ በጣቷ ነካችው።

«ያን ጊዜ የጻፈው ነው?»

«ያን ጊዜ የጻፈው ነው።»

«እና አሁን ነው ያነበብሽው?» ገብሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «ላላ ዝሁር፣ እናንተ ሰማዩን በሰከንድ ትቆጥሩታላችሁ። የኔን ሾርባ ግን አንድም ቀን በሰዓቱ መጥታችሁ አልበላችሁልኝም። እኔ እኮ ይሄ የምግብ ሰዓት ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ላላ ከንዛ ነበረች። ሊያገባኝ ስለሚፈልገው የውል አዋዋዩ ልጅ ነው የደወለችው፤ ስለ ሲ ድሪስ። ሰውየው እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ደግሞ ሃያ አራት አይደለም፤ ከዋክብት የትም አይሄዱም፤ ፌስ ውስጥ ግን ሰው ይሄዳል። እንደተለመደው አዳመጥኩ። እንደተለመደው ሳልመልስ ዘጋሁ።

*

የታዙርት ዋልነት፣ ያ ለውዝ መሰል ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ፣ ወንዙ ዳር ነው። ወንዶች ዛፍ ላይ ወጥተው በረጅም ዱላ ቅርንጫፉን ይመታሉ፤ ሴቶች ከሥር አረንጓዴውን ልጣጭ ይፈለፍላሉ። ልጣጩ እጅ ያጠቁራል፤ ጥቁሩ ወር ሙሉ አይለቅም። በመስከረም በዚህ መንደር ነጭ እጅ ያለው እንግዳ ብቻ ነው።

ሕማድ ዛፉ ጫፍ ላይ ነበር። ውረድ ልለው አፈርኩ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። ከሥር ቆሜ አንጋጥጬ፣ እሱ በዚያ ክረምት ባስተማረኝ በተሰባበረ የመንደሩ ቋንቋ ተናገርኩ።

«ደብዳቤህን አነበብኩት» አልኩ።

ዱላው ከቅርንጫፉ ላይ ቆመ። «የቱን?»

«መዝገቡ ውስጥ ያለውን። ዛሬ ጧት።»

«ዛሬ ጧት» አለ። ደግሞ አለው፤ ለራሱ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ፣ «እኔ እኮ ላላ ዝሁር፣ ያን ጊዜ ያነበቡት መስሎኝ ነው ሦስት ክረምት በረዶ የጠረግኩት። በየማለዳው በመስኮትዎ ሥር ሳልፍ ብርጭቆ የለም። ገባኝ እላለሁ፤ አልፋለሁ።»

«አላየሁትም። መዝገቡን አልከፈትኩትም።»

«ሳይከፍቱ ፈረሙ?»

«ሳልከፍት ፈረምኩ።»

«ይሄማ ይብሳል» አለ።

አንዲት አሮጊት ከሥር ሆነው፣ ልጄ ወይ ውረድ ወይ ያን ዱላ አስቀምጥ፣ በዶክተሯ ራስ ላይ ልትለቀው ነው አሉ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሕማድ አልሳቀም።

«አንብበው ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ስማቸውን ፈርተው ነው እል ነበር» አለኝ። «ስሙን የማይፈራ ሰው የለም። ይቅር ብዬዎትም ነበር። አሁን ግን ይቅር ያልኩት ያልሠሩትን ነው። የሠሩትን ገና ዛሬ መስማቴ ነው። አንዴ እንኳን፣ ሕማድ ተኝተህ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበረ?»

ለዚህ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነው የወረድኩት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ዳይሬክተሩ አቻኩለውኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ያ ሁሉ ጠፋኝ። የመጣልኝ ለራሴም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነው።

«ጥፋተኛ እንድትሆን ፈልጌ ነበር» አልኩ። «እናቴ ከተራራ ሰው ጋር ብትገኚ ብላ ዝታብኝ ነበር። አንተን ከመውደድ መውጫ መንገድ አጣሁ። ሰነፍ ከሆንክ፣ ዋሾ ከሆንክ፣ መተው ይቀለኛል ብዬ አሰብኩ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኩህ። ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኝ ነበር።»

ሴቶቹ አቀርቅረው ልጣጭ መፈልፈል ጀመሩ፤ እጃቸው ግን ቀስ አለ። አሮጊቷ ነጠላ ጫማቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። ከላይ አንድ ዋልነት በራሱ ጊዜ ተለቅቆ እግሬ ሥር ወደቀ።

«ድንጋይዋ ተገኘች?» አለ በመጨረሻ።

«ተገኘች። አንድ ሰዓቱን ስመልሰው ተገኘች።»

«አሁን የት ናት?»

«ከእግራችን በታች። ከምድር ማዶ። ጸሐይ ሲጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች።»

ሕማድ ቁልቁል መሬቱን አየ፤ እኔን አልፎ፣ ከዛፉ ሥር ሥሩን። ፊቱ ላይ ለአንድ አፍታ ያ የድሮው፣ ጣቱን የሚቀስረው ሰው ታየኝ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እሷ እንኳን ተገኘች» አለና ዱላውን አነሳ። ዋልነቱ እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። ሽሽት በሚመስል እርምጃ ከዛፉ ሥር ወጣሁ፤ በባዶ፣ በነጭ እጄ።

*

በማግሥቱ ሲ መኪ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው ዳይሬክተራችን ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለጡረታ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ድንጋይዋ ተገኘች ስላቸው ተነስተው ጨበጡኝ፤ ስህተቱ የኔ ነበር ስላቸው ተቀመጡ። ያለፈው አልፏል፤ እርማቱን ላኪ፣ ምክንያቱን ግን «ቴክኒካዊ» በይው አሉኝ። ሰውየውስ አልኳቸው። ሰውየው ሐሙስ ይሄዳል አሉ፤ እንደ መፍትሔ።

ቴክኒካዊ አላልኩም። ለዓለም አቀፉ የአስትሮይድ መዝገብ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሰዓቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ያያት የታዙርቱ ሕማድ ነው። ያኛውን ሪፖርቴን የሚሽር ሌላ ሪፖርት ጽፌ ሲ መኪ ጠረጴዛ ላይ፣ ግልባጩን ደግሞ መግቢያው ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አኖርኩት። ለጃፓኑ መምህርም ጻፍኩላቸው። ማክሰኞ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሲ ድሪስም ቁርጡን ነገርኳት።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ሰው ጥፋቱን ለአላህ ይናገራል። ለጃፓን ይናገራል እንዴ?»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ስልኩን የዘጋችው እሷ ነበረች፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የእርማቱን ግልባጭ በኢጃ እጅ ለሕማድ ላክሁለት። ከሥሩ ሦስት መስመር ጨመርኩበት፦ በኛ ሥራ ልማድ፣ የድንጋይዋ መንገድ በደንብ ከታወቀ በኋላ ስም የሚያወጣላት ያገኛት ሰው ነው፤ ስለዚህ የምታወጣላት አንተ ነህ። ሌላ ነገር ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል በሱ የተማሪ ቤት ፊደል ፊት ውሸታም መሰለኝና ተውኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ኢጃ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ምን አለ?»

«አነበበው። አጠፈው። ኪሱ ከተተው።»

«ሌላስ?»

«ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ በያት አለ።»

«በየትኛው ሰዓት?»

ኢጃ ወገቧን ይዛ አየችኝ። «ወንድሜ ስንት ሰዓት እንዳለው አሁንም ትጠይቂኛለሽ?» ከዚያ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ አከለች፤ ታክሲው የሚነሳው በመንግሥት ሰዓት ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ የወለደውን አባቱንም አይጠብቅም። በመንግሥት ሁለት ሰዓት ማለት በአሮጌው አንድ ሰዓት ነው። ቀድሜ እደርሳለሁ፣ በየትኛውም ቢሆን እደርሳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከመተኛቴ በፊት ግን የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ በአንድ ወደ ኋላ መለስኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከሱ ጋር አንድ ነገር እንዲያመሳስለኝ ፈልጌ ይሆናል።

*

ሐሙስ ገና ሲነጋ መኪናዬን አስነሳሁ። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ከጣቢያው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ የቤት ግማሽ የሚያህል ቋጥኝ ከገደሉ ተንዶ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ጡሩንባ ነፋሁ፤ ለድንጋይ። ወርጄ በሁለት እጄ ገፋሁት። ከሰማይ ድንጋይ ስፈልግ ስንት ዓመት የኖርኩ ሰው፣ ምድር ላይ ያለውን ረገምኩት። ከዚያ መኪናዬን ትቼ ቋጥኙን ተንጠላጥዬ ተሻገርኩና በእግሬ ቁልቁል ሄድኩ። ሮጥኩ ማለት እፈልግ ነበር፤ ግን ጭቃ ነው፣ ጫማዬም የቢሮ ጫማ ነው።

ከመጨረሻው ከፍታ ላይ ታዙርት ወለል ብላ ትታያለች። የታክሲው ማቆሚያ፣ ሻይ ቤቱ፣ ድልድዩ። ታክሲው ድልድዩን ሲሻገር አየሁት። ጣሪያው ላይ ሻንጣ ታስሯል። ወዲያው በወንዙ መታጠፊያ ተሰወረ።

እዚያው ቆምኩ። ከታች አህያ እየነዱ የሚወጡት የዋልነቱ ዛፍ አሮጊት ደረሱብኝ። ታክሲው ሄደ አሉኝ፤ ሳልጠይቃቸው። ሕማድስ አልኳቸው። የሱን ሻንጣ ሾፌሩ ሲጭነው በዓይናቸው አይተዋል፤ እሱ ሲገባ አላዩም፤ ግን ሻንጣው ሄዶ ሰውየው የት ይቀራል? ወደ ላይ እንድመለስ መከሩኝ፤ ዝናቡ ደግሞ ይመጣል። አህያቸውን ነድተው አለፉ።

ልመለስ ፊቴን አዙሬ ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ ብዬ ተመልሻለሁ፤ ከፈረንሳይም ተመለስኩ፣ ከፌስም ተመለስኩ፣ ከሱም ተመለስኩ። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። ሁለት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ ነው ያለው። ዓይኔ ታክሲው ሲሄድ አይቷል፤ አሮጊቷ ሻንጣውን አይተዋል፤ የመንግሥት ሰዓት ሁለት አልፏል። የሕማድ ሰዓት ብቻ ገና ነው ይላል።

አንዴ ያንን ሰዓት አላመንኩትም።

ወደ ታች ሄድኩ። አንድ ጊዜ ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ጭቃ ሆነ። መንገዱ ሁሉ ራሴን ተሳደብኩ፦ ሞኝ፣ ባዶ ማቆሚያ ልታይ ነው የምትወርጂው፣ ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሊያይሽ ነው። እግሬ ግን አልቆመም። ድልድዩን ስሻገር የሻይ ቤቱ ሰዎች በእርግጥም አዩኝ። አንዱ ለሌላው የሆነ ነገር አለው።

ሕማድ ማቆሚያው ጋ፣ ከግንቡ ሥር ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሻንጣ የለውም። የጠቆሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በአንዱ መዳፉ ላይ የእጅ ሰዓቱን ይዟል። እያለከለክሁ ፊቱ ቆምኩ። ጭቃዬን አየ፤ ጫማዬን አየ፤ አንጓዬ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ከራሱ ጋር አስተያየው። ሁለቱም ሁለት ሰዓት ሊሆን አስራ ሁለት ደቂቃ እንደሚቀረው ይናገራሉ።

«ቀደምሽ» አለኝ።

በእጄ ታክሲው የሄደበትን መንገድ አሳየሁት።

«ሻንጣዬ ናት የቸኮለችው» አለ። «እኔ ሁለት ሰዓት ነው ያልኩት።»

ከድንጋይዋ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ምን እንደሚለኝ አላውቅም ነበር፤ ምን እንደምለውም አላውቅም። እስከዚያ ግን አስራ ሁለት ደቂቃ ነበረን። በመካከላችንም ሆነ በፊታችን ጥቁር መስታወት አልነበረም፤ እሱም ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም።